የእርግዝና ስኳርና ከመጠን ያለፈ ውፍረት በእንግዴ ልጅ ላይ የሚያመጡት ለውጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በእርግዝናዋ ወቅት ስኳር እንዳለባት የተነገራት ሴት አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቀው ስለ ደሟ የስኳር መጠንና ስለ ልጇ ክብደት ነው። በእሷና በልጇ መካከል ሆኖ የሚያልፈውን የሚያሳልፈውና የማያልፈውን የሚያግደው የእንግዴ ልጅ ግን ብዙም አይነሳም። እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ስለዚህ አካል ናቸው። መልሶቹ የሐኪምን ምክር አይተኩም፤ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ምን መጠየቅ እንደሚገባ ለማወቅ ግን ይረዳሉ የሚል እምነት አለን።

የእንግዴ ልጅ ሥራው ምንድን ነው?

የእንግዴ ልጅ ከማህፀን ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የሚያድግ፣ በእትብት አማካኝነት ከጽንሱ ጋር የተያያዘ አካል ነው። እርግዝናው ዘጠኝ ወሩን ሲሞላ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ግራም ገደማ፣ የጎኑ ስፋት ደግሞ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ብዙ ሰው የእናትና የጽንስ ደም በውስጡ የሚቀላቀሉ ይመስለዋል፤ አይቀላቀሉም። ቪላይ የሚባሉ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ቅርንጫፎች የጽንሱን የደም ሥሮች በውስጣቸው ይዘው በእናት ደም ውስጥ ይነከራሉ፤ ኦክስጅንም ሆነ ምግብ የሚተላለፈው በእነዚህ ቅርንጫፎች ስስ ግድግዳ በኩል ነው። የቅርንጫፎቹ ገጽ ተዘርግቶ ቢለካ ከ10 ካሬ ሜትር በላይ ይሸፍናል። በእርግዝናው ማብቂያ ላይ በየደቂቃው ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ የእናት ደም በዙሪያቸው ያልፋል።

የእንግዴ ልጅ ከዚህ ሌላ ሆርሞን አመንጪም ነው። የተሠራው በአብዛኛው ከጽንሱ ወገን ከሆኑ ህዋሳት ቢሆንም፣ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የእናትን ሰውነት አሠራር ይለውጣሉ። ይህ ነጥብ ቀጥሎ ላለው ጥያቄ መነሻ ስለሆነ በአእምሮ መያዝ ይገባዋል።

የእርግዝና ስኳርን የሚያመጣው የእንግዴ ልጁ ራሱ ነው የሚባለው እውነት ነው?

በከፊል እውነት ነው። እርግዝናው ከተጋመሰ በኋላ የእንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው እንደ ፕላሴንታል ላክቶጅን፣ የእድገት ሆርሞንና ፕሮጄስትሮን ያሉ ሆርሞኖች የእናት ሰውነት ለኢንሱሊን፣ ማለትም ስኳርን ከደም ወደ ህዋሳት ለሚያስገባው ሆርሞን፣ የሚሰጠውን ምላሽ ያዳክማሉ። በመጨረሻዎቹ ወራት ይህ ምላሽ ከእርግዝና በፊት ከነበረው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ምግብ ከተበላ በኋላ ስኳር በእናት ደም ውስጥ ትንሽ እንዲቆይና ለጽንሱ እንዲደርስ የሚያደርግ ተፈጥሯዊ ዝግጅት ነው። ጤናማ ቆሽት የምላሹን መድከም ለማካካስ ብዙ ኢንሱሊን ያመነጫል። ማካካስ ሲያቅተው የደም ስኳር ከሚገባው በላይ ይወጣል፤ የእርግዝና ስኳር የሚባለውም ይህ ነው።

ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባት ሴት ሰውነቷ ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ብዙ ጊዜ ከማርገዟ በፊትም የደከመ ነው። በዚያ ላይ የእንግዴ ልጁ ሆርሞኖች ሲጨመሩ ቆሽቷ የሚሸከመው ጫና በእጥፍ ይከብዳል። በሌላ በኩል ቀጭን ሆነው የእርግዝና ስኳር የሚያጋጥማቸው ሴቶችም ብዙ ናቸው፤ በቤተሰብ ውስጥ ያለ የስኳር በሽታ፣ ዕድሜና ቆሽት ኢንሱሊን የማምረት አቅሙ የራሳቸው ድርሻ አላቸው። «ጣፋጭ አብዝተሽ በልተሽ ነው» የሚለው ተደጋግሞ የሚሰማ ወቀሳ የሕመሙን አመጣጥ አይገልጽም። ወቀሳው እናቶች ምርመራቸውን እንዲሸሹና የለኩትን ቁጥር እንዲደብቁ ስለሚያደርግም ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

የእናት ስኳር ወደ ጽንሱ ካለፈ ኢንሱሊኗስ ለምን አያልፍም?

ግሉኮስ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለው ስኳር፣ ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ በእንግዴ ልጁ ግድግዳ ላይ በተተከሉ አጓጓዥ ፕሮቲኖች፣ በተለይ ግሉት 1 በሚባለው፣ በኩል መጠኑ ከሚበዛበት ወገን ወደሚያንስበት ወገን ይሻገራል። ስለዚህ የእናት የደም ስኳር ከፍ ሲል ወደ ጽንሱ የሚያልፈውም ከፍ ይላል። ኢንሱሊን ግን ትልቅ ሞለኪውል በመሆኑ የእንግዴ ልጁ አያሳልፈውም። ጽንሱ የበዛውን ስኳር የሚያስተናግደው የራሱ ቆሽት በሚያመነጨው ኢንሱሊን ነው።

ዴንማርካዊው ሐኪም የርገን ፔደርሰን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያብራራው ይህንኑ ነው፤ በእናት ደም ውስጥ የበዛ ስኳር በጽንሱ ደም ውስጥ ኢንሱሊንን ያበዛል። ኢንሱሊን ደግሞ ለጽንስ የእድገት ሆርሞን ሆኖ ስለሚያገለግል ሕፃኑ በተለይ በትከሻውና በሆዱ አካባቢ ስብ ያከማቻል። ከተወለደ በኋላ እትብቱ ሲቆረጥ ከእናት ይመጣ የነበረው ስኳር በአንድ ጊዜ ይቋረጣል፤ የሕፃኑ ኢንሱሊን ግን ወዲያው አይወርድም። እነዚህ ሕፃናት በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ተረከዛቸው ተወግቶ የደም ስኳራቸው የሚለካውና ቶሎ ጡት እንዲይዙ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

የፔደርሰን ማብራሪያ እስካሁን ጸንቶ ቢቆይም የእንግዴ ልጁን ድርሻ አሳንሶ የሚያሳይ ነበር። ስኳር ብቻውን የሚያልፍ አይደለም፤ ከቅባትና ከፕሮቲን የሚገኙት ፋቲ አሲዶችና አሚኖ አሲዶችም ያልፋሉ፤ የእንግዴ ልጁም የእናትን ኢንሱሊን፣ የቅባት መጠንና ሌሎች ምልክቶች እያነበበ አጓጓዦቹን ያበዛል ወይም ይቀንሳል። በእርግዝናው መጀመሪያ የኢንሱሊን ተቀባዮች፣ ማለትም የኢንሱሊንን ምልክት የሚቀበሉት ፕሮቲኖች፣ በብዛት የሚገኙት ከእናት ደም ጋር በሚገናኘው ገጹ ላይ ነው፤ ወደ ማብቂያው ግን በጽንሱ የደም ሥሮች ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ይበዛሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት እድገቱን በአብዛኛው የምታዘው እናት ስትሆን ኋላ ላይ ጽንሱ ራሱ ያዛል ማለት ነው።

በስኳር የተነካ የእንግዴ ልጅ ሲመረመር ምን ይታይበታል?

በፓቶሎጂ ክፍል፣ ማለትም የሰውነት አካላት ተመርምረው የሕመም ምልክት በሚፈለግበት ክፍል፣ ውስጥ የእንግዴ ልጅ ሲመረመር መጀመሪያ ሽፋኖቹና እትብቱ ይቆረጡና ብቻውን ይመዘናል፤ ከዚያ እንደ ዳቦ በስሱ እየተቆረጠ እያንዳንዱ ቁራጭ በዓይን ይታያል፤ ከተመረጡ ቦታዎችም ለማይክሮስኮፕ ናሙና ይወሰዳል። የእርግዝና ስኳር ከነበረባት እናት የመጣው ብዙ ጊዜ ከሚጠበቀው በላይ ከባድና ወፍራም ይሆናል።

ዋናው ልዩነት የሚታየው ግን በማይክሮስኮፕ ነው። ዘጠኝ ወሩን በጨረሰ ጤናማ የእንግዴ ልጅ ውስጥ የመጨረሻዎቹ ቅርንጫፎች ትንንሽ ናቸው፤ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮቻቸውም ወደ ጠርዝ ተጠግተው ከግድግዳው ጋር ይጣበቃሉ፤ በዚህም የእናትን ደም ከጽንሱ ደም የሚለየው ርቀት እጅግ ያጥራል። በስኳር በተነካው ውስጥ ግን ቅርንጫፎቹ ትልልቅና ውኃ የቋጠሩ፣ የደም ሥሮቹም መሀል ላይ የቀሩ ሆነው ይገኛሉ፤ የ38 ሳምንት የእንግዴ ልጅ የሳምንታት ታናሹን ይመስላል። ኦክስጅን ለመሻገር የሚጓዘው መንገድ ይረዝማል ማለት ነው።

ሌላው ተደጋግሞ የሚታየው የደም ሥሮች መብዛት ነው። ፓቶሎጂስቶች ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ለመለየት የሚጠቀሙበት ለማስታወስ ቀላል የሆነ መስፈርት አለ፤ በአስር እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ፣ ቢያንስ በአስር ቦታዎች፣ አስር ቅርንጫፎች፣ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ውስጥ ደግሞ አስር ወይም ከዚያ በላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች። በከፍታ ቦታ በሚኖሩና በሚያጨሱ እናቶች ላይም ይህ ለውጥ ስለሚታይ ኦክስጅን ማነሱን የሚጠቁም ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ምክንያቱም እንዲህ ይብራራል፦ ብዙ ኢንሱሊን ያለው ጽንስ ስኳሩን ለማቃጠል ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ፍላጎቱ ከሚደርሰው ሲበልጥ የደም ሥር እንዲያድግ የሚያዝዙ ምልክቶች ይለቀቃሉ፤ የእንግዴ ልጁም አዳዲስ የደም ሥሮችን በማብቀል ይመልሳል። ስለዚህ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ሁሉ ጉዳት ብቻ ተደርጎ መነበብ የለበትም፤ ከፊሉ የእንግዴ ልጁ ጽንሱን ለማትረፍ ያደረገው ጥረት ነው።

የእንግዴ ልጁ ትልቅ ከሆነ ለሕፃኑ የተሻለ አይደለም?

አይደለም። ክብደትና የሥራ ብቃት አንድ አይደሉም። በጤናማ እርግዝና ማብቂያ ላይ ሕፃኑ ከእንግዴ ልጁ ስድስት ወይም ሰባት እጥፍ ይመዝናል። በእርግዝና ስኳርና በውፍረት ጊዜ ሕፃኑ ትልቅ ቢሆንም የእንግዴ ልጁ ከሕፃኑ በበለጠ ፍጥነት ስለሚከብድ ይህ ምጥጥን ዝቅ ይላል፤ እያንዳንዱ ግራም የእንግዴ ልጅ የሚያሳድገው ከሚገባው ያነሰ ነው ማለት ነው።

ስኳር የሌለባት፣ ነገር ግን ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባት እናትስ?

ቢ ኤም አይ በሚባለው ልኬት፣ ማለትም የሰውነት ክብደት በኪሎ ግራም ለቁመት ካሬ በሜትር ሲካፈል፣ ውጤቱ 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። ውፍረት የደም ስኳር ትክክለኛ ሆኖ እያለም በእንግዴ ልጅ ላይ የራሱን አሻራ ያሳርፋል፤ መንገዱ ግን የተለየ ነው። የስኳር ዋና መንገዱ ግሉኮስና የጽንሱ ኢንሱሊን ሲሆን፣ የውፍረት ዋና መንገዶቹ ቅባትና ብግነት (የሰውነት መከላከያ ሲነሳሳ የሚፈጠር መቆጣት) ናቸው።

በውፍረት ጊዜ የሰውነት ስብ ቀስ ብሎ የሚነድ፣ ትኩሳትም ሕመምም የሌለው የብግነት ሁኔታ ይፈጥራል። ማክሮፌጅ የሚባሉት የመከላከያ ህዋሳት ከመጠን ያለፈ ውፍረት ባለባቸው እናቶች የእንግዴ ልጅ ውስጥ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ በዝተው መገኘታቸው በጥናት ታይቷል፤ ብግነትን የሚያባብሱ ኬሚካሎችም አብረው ይጨምራሉ። የእናት ደም የሚያመጣው ቅባት ሲበዛ የእንግዴ ልጁ ህዋሳት አቃጥለው ኃይል ከሚያወጡበት ይልቅ በውስጣቸው ያከማቹታል፤ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉት የህዋስ ኃይል አመንጪዎችም ሥራቸው ይዳከማል። በማህፀን ግድግዳ ውስጥ ያሉት ደም ወደ እንግዴ ልጁ የሚያደርሱ የደም ቧንቧዎችም የመጥበብና የግድግዳ መጎዳት ምልክት ሊያሳዩ ይችላሉ።

እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ክፍል በክትትል ወቅት በቂ ትኩረት የሚያገኝ አይመስለንም። የስኳር ምርመራዋ ትክክል የሆነ ወፍራም እናት «ስኳር የለብሽም» ተብላ በእፎይታ ትሸኛለች፤ የእንግዴ ልጇ ግን ክትትል ያስፈልገው ይሆናል።

ሁለቱ አንድ ላይ ሲከሰቱስ?

የእያንዳንዱ ውጤት ይደመራል፤ አንዳንዴም አንዱ ሌላውን ያባብሳል። ብዙዎቹ የእርግዝና ስኳር ያለባቸው ሴቶች ውፍረትም ስላላቸው በአንድ እርግዝና ላይ የታየው ለውጥ ከየትኛው እንደመጣ መለየት አስቸጋሪ ነው። ለእናቲቱ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ስኳሯን በሚገባ ብትቆጣጠርም ከውፍረቱ የሚመጣው ድርሻ አብሮ አይጠፋም፤ ስለዚህ ክትትሉ በስኳር መለኪያው ቁጥር ብቻ ሊወሰን አይገባም።

ለውጡ የሚጀምረው በስንተኛው ሳምንት ነው?

ከሁሉም ጥያቄዎች ይህኛው የበለጠ ክብደት ሊሰጠው የሚገባ ይመስለናል፤ የተለመደው የምርመራ ጊዜና የእንግዴ ልጁ የአፈጣጠር ጊዜ አይገጣጠሙምና።

የእንግዴ ልጁ ህዋሳት ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ወደ ማህፀን ግድግዳ እየገቡ በዚያ ያሉትን ጥምዝምዝ ደም ቅዳ ቧንቧዎች ያሰፋሉ፤ ጠባብና ጡንቻማ የነበሩት ሰፊና ልል ይሆናሉ። የእናት ደም በቅርንጫፎቹ ዙሪያ በሚገባ መፍሰስ የሚጀምረው ከ10ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ የቧንቧዎቹ መስፋት ደግሞ እስከ 20ኛው ሳምንት አካባቢ ይጠናቀቃል። ለቀሪው እርግዝና የሚፈሰው ደም መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው በእነዚህ ሳምንታት ነው። የእርግዝና ስኳር ምርመራ ግን በተለምዶ የሚደረገው ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ነው። ሴቲቱ ስኳር እንዳለባት በሚነገራት ዕለት መሠረቱ ከተጣለ ሳምንታት አልፈዋል። ውፍረት ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮ የነበረ ነው።

ትልልቅ ጥናቶች ያገኙት ውጤትም ከዚህ ጋር ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአውስትራሊያ ከ2,200 በላይ፣ በ2015 ደግሞ በብሪታንያ ከ1,500 በላይ ነፍሰ ጡሮች የተሳተፉባቸው ሁለት ጥናቶች፣ እርግዝና ከጀመረ በኋላ የተሰጠ የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ድጋፍ ለእርግዝናው ዕድሜ ከሚገባው በላይ ትልቅ ሆነው የሚወለዱ ሕፃናትን ቁጥር በግልጽ እንዳልቀነሰ አሳይተዋል፤ የብሪታንያው ጥናት በእርግዝና ስኳር ላይም ለውጥ አላገኘም። ድጋፉ የእናቶቹን አመጋገብ አሻሽሏል፤ የመጣው ግን ዘግይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ለስኳር የሚያጋልጥ ሁኔታ ያለባቸውን ሴቶች ከ20ኛው ሳምንት በፊት መርምሮ ስኳር የተገኘባቸውን ወዲያው ማከም በአራስ ሕፃናት ላይ የሚደርሱ ችግሮችን ከ30.5 በመቶ ወደ 24.9 በመቶ እንዳወረደ አረጋግጧል። ልዩነቱ መጠነኛ ነው፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

ስለዚህ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባት፣ ቀደም ሲል የእርግዝና ስኳር የነበረባት ወይም የቅርብ ቤተሰቧ ስኳር ያለበት ሴት እስከ 24ኛው ሳምንት መጠበቅ የለባትም፤ በመጀመሪያው የክትትል ቀጠሮዋ የስኳር ምርመራ እንዲደረግላት መጠየቅ ትችላለች፤ መጠየቅም ይገባታል።

ምርመራው እንዴት ይደረጋል? ስንት ሲሆን ነው ስኳር የሚባለው?

በባዶ ሆድ ደም ይወሰዳል፤ ከዚያ 75 ግራም ግሉኮስ በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣና ከአንድና ከሁለት ሰዓት በኋላ ደም በድጋሚ ይወሰዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 በተቀበለው መስፈርት መሠረት በባዶ ሆድ 92፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 180፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 153 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር፣ ከሦስቱ በአንዱ ብቻ እንኳ መድረስ የእርግዝና ስኳር ለመባል በቂ ነው። ሌሎች መስፈርቶችን የሚከተሉ የሕክምና ተቋማትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው፣ በዘጠኝ አገሮች ከ23,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለው ጥናት አደጋው ከአንድ ቁጥር ላይ በድንገት የሚጀምር ሳይሆን የደም ስኳር ከፍ ባለ ቁጥር ቀስ በቀስ የሚጨምር መሆኑን አሳይቷል። ከመስመሩ በጥቂት ነጥብ ያነሰ ውጤት ያላት ሴትም ነፃ ወጣሁ ብላ ክትትሏን ማቋረጥ አይገባትም።

የእንግዴ ልጁ ለውጥ በእናትና በሕፃን ላይ ምን አደጋ ያስከትላል?

በእናት በኩል ዋናው ስጋት ፕሪኤክላምፕሲያ ነው፤ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የደም ግፊት ከፍ ብሎ ኩላሊትን፣ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ሕመም ነው። አንዱ መነሻው ደም በሚገባ ያልደረሰው የእንግዴ ልጅ የእናትን የደም ሥሮች የሚያውኩ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደሟ መልቀቁ ነው። ቢ ኤም አይ ከ5 እስከ 7 ነጥብ በጨመረ ቁጥር የዚህ ሕመም አደጋ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ከሌሎች አጋላጭ ሁኔታዎች ጋር ተደምሮ አደጋው ከፍ ያለባቸው ሴቶች በሐኪም ትእዛዝ አነስተኛ መጠን ያለው አስፒሪን ይሰጣቸዋል፤ የሚጀመረውም የተሻለ ውጤት እንዲኖረው ከ16ኛው ሳምንት በፊት ነው። ይህም ቢሆን ክትትልን ቀድሞ መጀመር ይጠይቃል።

በሕፃኑ በኩል ከመጠን በላይ ማደግ፣ በምጥ ጊዜ ትከሻው መያዝ፣ ከተወለደ በኋላ የደም ስኳር መውረድ በብዛት የሚጠቀሱ ናቸው። የደም ሥሮች በእጅጉ ከተጎዱ ግን ተቃራኒው ሊሆንና ሕፃኑ ሳያድግ ሊቀር ይችላል። ከሁሉም የከፋው ሕፃኑ በማህፀን ውስጥ ሞቶ መወለዱ ነው፤ ይህ አደጋ በጥቅሉ አነስተኛ ቢሆንም ከመጠን ያለፈ ውፍረት ባለባቸው እናቶች በእጥፍ ገደማ ከፍ ይላል። የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከተለመደው ከቀነሰ ቀጠሮ እስኪደርስ መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ዕለት መታየት ያስፈልጋል። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ከጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም ካለም እንዲሁ።

በአልትራሳውንድ የእንግዴ ልጁን ጤና ማየት ይቻላል?

በተወሰነ ደረጃ። ያለበት ቦታና ውፍረቱ ይታያል፤ ዶፕለር በሚባለው ዘዴም በእትብት ውስጥ ያለው የደም ፍሰት ይለካል። ዶፕለር የሚበልጠው ሳያድግ የቀረን ሕፃን ለመከታተል ነው፤ በስኳር ምክንያት ከመጠን በላይ ባደገ ሕፃን ላይ ግን ጥሩ የዶፕለር ውጤት ብቻውን ሙሉ ማረጋገጫ አይሆንም። በማይክሮስኮፕ የሚታየው የቅርንጫፎች አለመብሰል በአልትራሳውንድ አይታይም። በእናት ሆድ ላይ ያለው ስብም ምስሉን ያደበዝዛል፤ ባለሙያው ምርመራውን ሌላ ቀን መድገም ቢፈልግ የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም።

ስኳሩን በሚገባ ብቆጣጠር የእንግዴ ልጁ ወደ ጤናው ይመለሳል?

ሕክምናው ለውጥ ማምጣቱ አያጠራጥርም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ 1,000 ሴቶች የተሳተፉበት የአውስትራሊያ ጥናት፣ ሕክምና ባገኙት እናቶች ሕፃናት ላይ የደረሱት ከባድ ችግሮች ከ4 በመቶ ወደ 1 በመቶ መውረዳቸውን አሳይቷል። በብዛት የሚሰጠው ግብ በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ከ140 በታች፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ120 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ነው።

ያም ሆኖ ስኳራቸውን በጥሩ ሁኔታ በተቆጣጠሩ ሴቶች የእንግዴ ልጅ ላይም ከላይ የተገለጹት ለውጦች ይገኛሉ። አንዱ ምክንያት ምርመራው ዘግይቶ መደረጉ ነው፤ ሌላው ስኳር ሲቆጣጠሩት በቅባትና በብግነት የሚመጣው ድርሻ ሳይጠፋ መቆየቱ ነው። ይህን የምንጽፈው ጥረታቸው ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። ቁጥሮቿን በየቀኑ መዝግባ የያዘች እናት የእንግዴ ልጇ ምርመራ ለውጥ ቢያሳይ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ እንድታውቅ ነው።

የስኳር መድኃኒቶች በእንግዴ ልጁ በኩል ያልፋሉ?

ኢንሱሊን አያልፍም፤ በብዙ መመሪያዎች ቀዳሚ ምርጫ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ሜትፎርሚን ያልፋል፤ በጽንሱ ደም ውስጥ የሚገኘው መጠን ከእናት ደም ጋር ይቀራረባል። በእርግዝና ወቅት በስፋት ቢታዘዝም፣ የተጠቀሙ እናቶች ልጆች እድገት ለዓመታት እየተጠና ያለው ለዚህ ነው። ግሊቤንክላሚድም አያልፍም ተብሎ ከታመነበት ጊዜ በኋላ እንደሚያልፍ ተረጋግጧል። ማንኛዋም እናት ግን በራሷ ውሳኔ መድኃኒቷን ማቆም የለባትም፤ ያልታከመ ስኳር ራሱ ያለ ገደብ ወደ ጽንሱ ያልፋልና።

ወፍራም ከሆንኩ በእርግዝና ላይ እያለሁ ክብደት ልቀንስ?

ክብደት ለመቀነስ ተብሎ ምግብን በእጅጉ መቀነስ በእርግዝና ወቅት አይመከርም። የሚመከረው ጭማሪውን መመጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት መመሪያ ቢ ኤም አይያቸው 30 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሴቶች በጠቅላላው እርግዝና ከ5 እስከ 9 ኪሎ ግራም፣ መካከለኛ ክብደት ላላቸው ደግሞ ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ ግራም ጭማሪ ይመክራል። ሐኪም ካልከለከለ በየቀኑ በእግር መሄድ ጡንቻ ስኳርን እንዲጠቀም ይረዳል። ክብደት የመቀነሻው ትክክለኛ ጊዜ ከእርግዝና በፊት ነው፤ ያኔ የተገኘ መጠነኛ ለውጥ እንኳ የእንግዴ ልጁ የሚመሠረትበትን ሁኔታ ያሻሽላል።

የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ነገሩ አበቃ?

ሆርሞኖቹ ከእንግዴ ልጁ ጋር ስለሚወጡ የደም ስኳር በአብዛኛዎቹ እናቶች በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ኢንሱሊን ይወስዱ የነበሩ ብዙዎችም ወዲያው ያቆማሉ። ይህ ፈጣን መሻሻል ብዙዎችን ያዘናጋል። የእርግዝና ስኳር የነበረባት ሴት ወደፊት ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሚይዛት አጋጣሚ ካልነበረባት ሴት ቢያንስ ሰባት እጥፍ ይበልጣል። ከወሊድ በኋላ ከ4ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የግሉኮስ ምርመራው መደገም አለበት፤ ከዚያ በኋላም ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ።

ለልጁም የሚቀር ነገር አለ። በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ በሆኑት በፒማ ሕንዶች ላይ የተደረገ ጥናት ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድማማቾችንና እህትማማቾችን አወዳድሮ፣ እናታቸው ስኳር ከያዛት በኋላ የተወለዱት ከዚያ በፊት ከተወለዱት ይልቅ ለውፍረትና ለስኳር በሽታ የበለጠ የተጋለጡ ሆነው አግኝቷቸዋል። የወላጆቻቸው ዘር አንድ ስለሆነ ልዩነቱን ያመጣው በማህፀን ውስጥ የቆዩበት ሁኔታ መሆኑን ያመለክታል። ጡት ማጥባት ለእናትም ለልጅም የሚመከርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሕፃኑ ሳያድግ ከተወለደ፣ በማህፀን ውስጥ ካረፈ ወይም እርግዝናው በፕሪኤክላምፕሲያ ካበቃ የእንግዴ ልጁ እንዲመረመር መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ግን ከመወገዱ በፊት፣ በወሊዱ ዕለት ነው። የምርመራው ውጤት በጽሑፍ ተወስዶ ይቀመጥ። ለሚቀጥለው እርግዝና የሚከታተለው ሐኪም በመጀመሪያው ቀጠሮ ሲያነበው፣ አስፒሪን መቼ እንደሚጀመርና የስኳር ምርመራው ምን ያህል ቀድሞ መደረግ እንዳለበት ይወስንበታል።